የጣይባ እጅና ሦስቱ ቅባቶች

«እሺ፣ አንቺ እንዳልሽው ይሁን፤ ታዲያ ኃይለኛው በደካማው ለምን ተበለጠ?» አለ ፈይሰል፣ የአክስቱን ሁለት እጆች እንደ ተያዘ ሌባ ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ አጋድሞ።

«አልተበለጠም» አለች ሕይወት። ነጭ ጋዋን ለብሳ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች፤ ፋርማሲስቷ እሷ ናት።

«ዓይንሽን ግለጪው እንጂ። ይኼ ቀኙ ነው፣ ቤታሜታዞን የተቀባው። ይኼ ደግሞ ግራው፣ ክሎቤታሶል የተቀባው። ቀኙ ቅርፊቱ እየለቀቀለት ነው። ግራው ያው የአዞ ጀርባ ነው። የሸጥሽልኝ ውሸቱን ነው።»

ሕይወት ወይ ፍንክች። ሦስቱን ቅባት ከመደርደሪያ አውርዳ እንደ ወንድማማች በቁመት ደረደረቻቸው። ሃይድሮኮርቲዞን ከታች ነው፣ ለሕፃን ጉንጭ፣ ለዓይን ዙሪያ የሚሆን፤ ለእንዲህ ያለ እጅ እሱን መቀባት ማለት አለት ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ቤታሜታዞን መሃል ላይ ነው። ክሎቤታሶል ከሁሉም በላይ ነው፤ ከሱ በላይ በዚህ ቤት የለም፣ ደሴም ብትሄድ የለም። ደግሞ የሰጠችው ክሬሙን ሳይሆን ቅባቱን ነው፤ ክሬም ይተናል፣ ቅባት ግን ወፍራም ቆዳ ላይ ተኝቶ ይሠራል። ስለዚህ ያላት መልስ አንድ ነው፦ ሊሆን አይችልም።

ሊሆን አይችልም ያለችው ነገር ግን ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መድኃኒታቸውን ረስተው አንገታቸውን አሰገጉ። ለደም ግፊት ኪኒን የመጡት ጋሽ ሽፈራው እንዲያውም ይኼን በሽታ በሬያቸው ላይ እንደሚያውቁት ተናገሩ። በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው ያዳኑት አሉ። አክስቱ ጣይባ ዞር ብላ በትሕትና እሷ በሬ እንዳልሆነች አስረዳቻቸው።

የጣይባ ነገር እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙስሊም ሴት ስትሞት የምትጠራው እሷ ነበረች። ሬሳ የምታጥበው፣ የምትከፍነው፣ ዘመዶች ሲያለቅሱ ደግሞ አንድ ሁለቱን ገፍታ ከቤት የምታስወጣው እሷ ናት። ሙያው ከእናቷ የመጣ ነው። ታዲያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እጇ እንደ ዓሣ ቅርፊት አወጣ። መዳፏ ተሰነጣጠቀ፣ ጣቶቿ ቀሉ፤ ቁጭ ባለችበት ሁሉ ጭኗ ላይ እንደ ፉርሽካ ይራገፋል። አንዱ ቋቁቻ ነው አለ፣ አንዱ ችፌ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙን ሳይጠራ የጎደለ እንዳለ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረ። ሐኪም ቤት ሄዳ ሶሪያሲስ ነው ተባለች። የገዛ ቆዳዋ ተቻኩሎ አሮጌው ሳይለቅ አዲሱ እየመጣ ነው፣ በመንካት አይተላለፍም ተባለች። ይኼን «አይተላለፍም» የምትለዋን ቃል ከሐኪም ቤቱ በር ውጭ ያለ ሰው አልሰማትም።

በዚያው መጠራቷ ቀረ። ሰው ለሞተ ዘመዱ እንዲህ ይጠነቀቃል ብሎ ፈይሰል አስቦ አያውቅም። በሕይወት እያለች አንድ ሎሚ ያልገዛላት ልጅ፣ እናቱ ስትሞት የአጣቢዋን ጥፍር ይመረምራል።

ይኼንን ሁሉ ጣይባ ቻለችው። ያልቻለችው የመሪያምን ነው። መሪያም አብሮ አደጓ ናት። ሮቢ ወንዝ አብረው ዋኝተው፣ አብረው ጡት አጎጥጉጠው፣ ባንድ ሳምንት ተድረው ነው ያረጁት። ገና ድሮ ቃል ተገባብተዋል፤ ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ታጥባለች። ባዳ አይነካንም ተባብለዋል። አሁን መሪያም ከተኛች ቆየች፤ ልጆቿ ጎኗን ነው ይላሉ። ጣይባ ልትጠይቅ ስትሄድ ትልቋ ልጅ ኑርሃን በር ላይ ይዛት፣ መሬት መሬት እያየች፣ ነገሩ ከመጣ እንኳ እጅዎ ይዳንና እንነጋገራለን አለቻት። ጣይባ ቤቷ ገብታ ፈይሰልን ጠርታ እጇን ዘረጋችለት።

«መሪያም እኔን አትጠብቅም። ቶሎ የሚያድን ነገር አምጣልኝ» አለችው።

ፈይሰልን እናቱ ስትሞት ጣይባ ናት ያሳደገችው። ሥራው ባጃጅ ነው። ትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመው መምህሩ ቦርሳ ውስጥ ጉርጥ ስለተገኘ ነው፤ ጉርጡ በራሱ ነው የገባው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል። መማሩን ይተው እንጂ ነገር ማወዳደር ያውቃል። በሽንኩርት ወራት ለገበሬ ፀረ ተባይ ሲያመላልስ አይቷል፤ የሮቢት ሽንኩርት አምራች ሁለት መድኃኒት ሲያጠራጥረው ሻጩን አይጠይቅም። አንዱን በዚህ መደብ፣ አንዱን በዚያ መደብ ይረጫል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያያል። መደብ አይዋሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሰጣት ሃይድሮኮርቲዞን ሳይነካት ሲቀር፣ ፈይሰል የአክስቱን እጆች ሁለት መደብ አደረጋቸው። መሃለኛውን ለቀኝ፣ ኃይለኛውን ለግራ። ለምን ግራ ቢባል፣ መድኃኒቱ ቢያቃጥላት እንኳ የምትበላበት ቀኝ ይተርፋል ብሎ ነው። ተጨንቆበታል ልጁ።

እና ይኸው፣ መደቡ መሃለኛው ይሻላል ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ኃይለኛው የታሸገ ውሸት ነው።

ሕይወት በመጨረሻ ፈይሰልን ትታ ጣይባን ጠየቀቻት። መቼ መቼ ነው የሚቀቡት አለቻት። ጣይባም አንቺ ባልሽው ጠዋትና ማታ ነው አለች። ከዚያስ? ከዚያማ ሶላት ሲደርስ አነሳዋለሁ። በምን? በሳሙና ነዋ፣ ቅባት በውሃ ብቻ መች ይለቃል፤ አልለቅ ሲል በቃጫ። ሕይወት አፏን ከፈተች።

«ውሃው ቆዳዬን ካላገኘው ምኑን ዉዱእ ሆነ» አለች ጣይባ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደ ተጠየቀ ሰው። «በቅባት ልስገድልሽ?»

ደግሞስ ግራው? ግራውማ ሥራ ይበዛበታል አለች። ቀኝ እህል ይነካል፣ ግራ ሌላውን ሁሉ ያጸዳል። መጸዳጃ በሄደች ቁጥር ግራውን በሳሙና ትፈትገዋለች፣ በኃይል፣ ምክንያቱም ቅባት ነገር ይይዛል። በቀን አምስት ጊዜ ከቀኙ ጋር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለብቻው።

ፈይሰል የገዛ አክስቱን እጆች እንደ አዲስ አያቸው። አንደኛውን መደብ ጎርፍ እየወሰደው ነው ሲያወዳድር የከረመው። ኃይለኛው መድኃኒት ተሸንፎ ሳይሆን ከሳሙና ጋር አብሮ ቦይ ገብቶ ነው። ጋሽ ሽፈራው ብቻ ለሞተር ዘይቱ አሁንም ተስፋ አልቆረጡም፤ እሱ በሳሙና አይለቅም አሉ።

ከዚያ ሕይወት ቀስ ብላ አስረዳች። ማታ ኢሻ ከተሰገደ በኋላ ሁለቱንም እጅ በኃይለኛው ይቀቡ፣ እስከ ንጋቱ ሱብሂ አይንኩት፤ ያ ሰፊ ጊዜ ነው። ቃጫ ይጣሉ። ከዉዱእ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡ፣ እሱ ቢታጠብም መድኃኒት አይባክንም። መድኃኒቱን ደግሞ ቀጭን አድርገው፣ እንደ ቅቤ ሳይለድፉ። ፊትና ብብት ጋር አይድረስ፣ ከሁለት ሳምንትም አይለፍ። ሲሻልዎት ባንድ ጊዜ አይቁረጡት፣ እኔ ጋር ይምጡና ወደ መሃለኛው አወርድዎታለሁ። ይኼ ነገር ቆዳ ያሳሳል፣ ብዙ ከተቀቡት ይበላዎታል። ፈይሰል እሺ እሺ አለ። እሺ ማለት ለሱ በር መዝጊያ ነው፤ ሰውዬው እንዲያቆም የሚባል ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ መሪያም ከሾርባ በቀር መብላት አቆመች የሚል ወሬ መጣ።

ፈይሰል አሰበ። ማሰቡ ነው ያጠፋው። የሽንኩርት ችግኝ ላስቲክ ሲለብስ ከሌላው ቀድሞ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ይፈላል፣ ይገፋል። እጅስ? ጣይባን ሁለቱን እጆቿን በክሎቤታሶል ለድፎ፣ ፌስታል አልብሶ፣ አንጓዋ ላይ በጎማ አሰረላት። የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፌስታል ውስጥ ያለ እጅ እስኪነጋ ይቀቀላል። ጠዋት ሲፈታላት ውሃ ይወርዳል። ቀን ቀን ደግሞ ሶላት በተሰገደ ቁጥር ሌላ ዙር ይለድፍላታል። ሕይወት ያለችውን ያህል ጊዜ አልፎ ቅባቱ ሲያልቅ ወደ እሷ አልተመለሰም፤ ትቆጣለች። ጀውሃ ከተማ፣ ሾፌሮች ከሚያርፉበት ሱቅ፣ ጥያቄ ከማይጠይቅ ሰው ያመጣ ነበር።

ሠራ። መሥራቱስ ሠራ፣ ምኑ ይወራል። ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ቀለም ረገፈ። ስንጥቁ ተዘጋ። ጣይባ እጇን ፀሐይ ላይ አውጥታ ታገላብጠው ጀመር። ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልነበረም ትላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ፊት ጎረሰች። ፈይሰል ባጃጁ ውስጥ ለተሳፈረ ሁሉ ስለ ክሎቤታሶል ይሰብክ ነበር፤ አንዷ ተሳፋሪ ለፊቴስ ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃው፣ ፊትሽ ተስፋ የለውም ብሎ በጥፊ ልትለው ነበር።

ከዚያ ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲቃረብ እጇ ሌላ ነገር ሆነ። ለሰለሰ፤ መለስለሱን ግን አላቆም አለ። ቆዳው አብረቀረቀ፣ እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ፣ ከሥሩ ደም ሥሯ አንድ ባንድ ይታያል። የጆንያ አፍ ቢነካት ይላጣል። በር ስትዘጋ፣ ሙቅ ድስት ስታነሳ፣ ዝም ብላ እንኳ ስታሸው ይበልዛል። ጣቶቿ መገናኛ ላይ ደግሞ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ፈይሰል ለምጽ እንዳይሉት ፈርቶ ሂና ቀባላት፤ ነጩን አድምቆ ብርቱካን አደረገው። ፌስታሉን ትተው ቅባቱን ባንድ ጊዜ ሲያቋርጡት ደግሞ ክንዷ ላይ፣ ክርኗ ላይ፣ ከዚህ በፊት ወጥቶ የማያውቅበት ቦታ ሁሉ ቀላ። ተናዶ የተመለሰ ይመስላል።

ፈይሰል በመጨረሻ ወደ ሕይወት ወሰዳት። ሕይወት የጣይባን እጅ አየች፣ ፈይሰልን አየች፣ ጮኻ እንደምትሰድበው ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። ከዚህ ወዲያ ይኼ ቆዳ ተመልሶ እንደ ቆዳ ላይሆን ይችላል አለች ቀስ ብላ። መሃለኛውን ሰጠቻቸው፣ ቀን እየዘለሉ፣ ከዚያ እየራቁ እንዲቀቡ፣ ደሴ ያለ የቆዳ ሐኪም ጋም እንዲሄዱ ነገረቻቸው። ጣይባ ግን ስለ ደሴ አልሰማችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ እጅ ሬሳ ማጠብ ይቻላል ወይ አለች። ሕይወት ጓንት አድርገው ይቻላል አለቻት፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ግን ይጎዳዎታል። ጣይባ ይቻላል የምትለዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ቀጥታ መሪያም ጋ ሄዱ። ፈይሰል በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። መሪያም በዚያ ሙቀት እስከ አንገቷ ብርድ ልብስ ለብሳ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። ትንሿ ልጅ ሒክማ በካርቶን ታራግባለች። ቤቱ ዲቶል ዲቶል ይሸታል፣ ሽቶም ተረጭቶበታል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ራስ ያዞራሉ። ጣይባ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጆቿን አሳየቻት፣ እንደ ሙሽራ እያገላበጠች። ዳነልኝ አለቻት፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ማንም ምክንያት የለውም። መሪያም ዞር ብላ እጆቹን ብዙ አየቻቸው። ማሻአላህ አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስባ ዓይኗን ጨፈነች። ጣይባ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ አየኸው አይደል፣ እጄን አየችው እኮ እያለች እስከ ቤት ድረስ ለፈይሰል ደጋገመችለት።

መሪያም የሞተችው ጁምዓ ጠዋት ነው። ወሬው እንደ ደረሰ ጣይባ ሳታለቅስ ተነሳች። የማጠቢያ ዕቃዋ ተዘጋጅቶ ነው የከረመው፦ ጥጥ፣ የሬሳ ሽቶው ካፉር፣ የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል፣ ሕይወት የሰጠቻት ጓንት። ባጃጁ ላይ ወጥታ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቀፈችው። ፈይሰል ሲነዳ በመስታወቱ ያያታል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው ወይ ከመሪያም ጋር ማውራት ነው አይለይም።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ከሸራው ሥር፣ ሴቶቹ ውስጥ። ጓዳው በር ላይ ኑርሃንና ሒክማ ቆመዋል፣ በሩም ተዘግቷል። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከካራቆሬ አጣቢ አስመጥተናል አለች ኑርሃን፣ እንደ ልማዷ መሬት እያየች። ሴትዮዋ ጀምራለች፣ እትዬ ጣይባ ይቀመጡ፣ ይረፉ። ጣይባ ነገሩ አልገባትም። እጄ እኮ ዳነ አለች፤ ቦርሳውን አስቀምጣ እጆቿን ዘረጋች፣ ቅርፊት አለ እስኪ ፈልጊ አለቻት። ኑርሃን ፊቷን አዞረች። ነጠብጣቡን አይታ ነው ብሎ አሰበ ፈይሰል፤ ወይም የሂናውን ብርቱካን።

ፈይሰል እንዲህ ያለ ቦታ አንገት ደፍቶ የሚቆም ሰው አይደለም። ሴቶቹን ገፍቶ ገባና ጀመረ። ለዚህ እጅ ምን እንደ ተከፈለ ታውቃላችሁ አለ። ሦስት ዓይነት ቅባት ተሞክሮበታል፣ ደካማው፣ መሃለኛው፣ ኃይለኛው። በፌስታል ተቀቅሏል። ይኼ ነገር አይተላለፍም፣ ሐኪም ብሏል፣ ፋርማሲ ብሏል። ቢተላለፍስ፣ የሞተ ሰው ምን ሊይዘው ነው? እናታችሁ ቃል ገብታለች። ባዳ አይነካኝም ያለች ሴት ዛሬ የካራቆሬ ባዳ ያገላብጣታል፣ እናንተ ደግሞ እዚህ ቆማችሁ የሰው እጅ ትጸየፋላችሁ። ሸራው ሥር ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ ዞረው አዩ። የመሪያም ባል ሼህ አብዱልሰመድ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እዩት» አለና የአክስቱን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው፣ ሁሉም እንዲያይ። አጥብቆ ነው የያዘው። ቆዳው በጣቱ ሥር ተንሸራተተ፣ ከአንጓዋ በላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ። ደሙ በክንዷ ወርዶ ክርኗ ላይ ተንጠለጠለ። ጣይባ አላቃሰተችም። ክርኗን ወደ ውጭ አወጣችው፣ የለቅሶውን ምንጣፍ እንዳይነካ ብላ፤ ዓይኗ ግን የተዘጋው በር ላይ ነው።

ፈይሰል ለቀቃት። እጁ ላይ የቀረውን አየ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ግን አፉን ማቆም አልቻለም። አሁንም ንገሪኝ አለ ወደ ሒክማ ዞሮ፤ ከእህቷ ይልቅ የምትናገረው እሷ እንደሆነች ያውቃል። እጇ ምን ሆነ? እጇ ምኑ ነው ያስጠላችሁ?

ሒክማ ካርቶኗን እስካሁን አልጣለችም። ቀና ብላ አየችው።

«እጇን ማን አየው? እሱን ለሰበብ ነው ያልነው። እማዬ ጡቷ በስብሶ ተልቶ ነው የሞተችው፤ ጣይባ ይኼን ገላዬን ከምታየው ጅብ ይብላኝ ነው ያለችን።»